ቤቱን የወረሱት ጥንቸሎች

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላል ያገራችን ሰው። የቪዲዮ ጌም ነጋዴዎች ግን ለረጅም ዓመታት ጉዳቸውን የሚያወጡት ሰኔ ላይ ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኢ ስሪ የሚባል ትልቅ ዐውደ ርዕይ ይዘጋጅ ነበር። ኩባንያዎቹ ተራ በተራ መድረክ ላይ እየወጡ መጪ ሥራቸውን ያሳዩ ነበር፤ ታዳሚው ወይ ያጨበጭብ ወይ ያሾፍ ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2017 ሰኔ ላይ በፈረንሳዩ ዩቢሶፍት መድረክ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆሙ። አንደኛው የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኢቭ ጊዬሞ ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ ማሪዮን የፈጠሩት የኒንቴንዶው ሺጌሩ ሚያሞቶ። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች የልጅ መጫወቻ የመሰለ መሣሪያ ይዘው እየሳቁ ለፎቶ ቆሙ። ያኔ ካሜራው ታዳሚው መሀል ወደተቀመጠ አንድ ሰው ዞረ። ሰውየው ያለቅስ ነበር። ለይስሙላ ዓይኑን የሚጠርግ ዓይነት አይደለም፤ ፊቱ ተለውጦ፣ መደበቅ አቅቶት ነው የሚያለቅሰው። ምስሉ በዚያው ቀን ዓለምን ዞረ።

ዳቪዴ ሶሊያኒ ይባላል። በዩቢሶፍት የሚላኖ ስቱዲዮ የፈጠራ ዳይሬክተር ነበር። ያስለቀሰው ምን እንደሆነ ሲነገር ግን ለሰሚው ግራ ነው፤ የተዘጋ ሽንት ቤት የሚከፈትባትን ባለ እንጨት እጀታ ጎማ ይዘው የሚጮኹ ነጫጭ ጥንቸሎች ከማሪዮ ጋር አብረው የሚሰለፉበት ጌም ነው። ከዚያ ቀን ጥቂት ሳምንታት በፊት የጌሙ ምስጢር ሾልኮ ወጥቶ ስለነበር፣ የኢንተርኔቱ ሕዝብ አንድም ነገር ሳያይ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ማሪዮ መሣሪያ ታጥቆ? ያውም ከእነዚያ ጥንቸሎች ጋር? ቀልዱ፣ ስድቡ፣ የፎቶ ቅንብሩ ጎረፈ። ሶሊያኒና ባልደረቦቹ ለዓመታት በምስጢር የሠሩት ሥራ ገና ሳይወለድ መሳቂያ ሲሆን አፋቸውን ዘግተው ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አይችሉም ነበር። እንግዲህ ያ ዕንባ ከየት እንደመጣ ለመረዳት መጀመሪያ ጥንቸሎቹን ማወቅ ያስፈልጋል። ጥንቸሎቹን ለማወቅ ደግሞ ከቤቱ ያስወጡትን ሰው ማወቅ ግድ ነው።

ጌም ሲባል የሠፈር ፕሌይስቴሽን ቤትና ኳስ ብቻ ትዝ ለሚለው አንባቢ ሬይማን ባዳ ሊሆን ይችላል። በ1995 ነው የተወለደው፤ አባቱ ሚሼል አንሴል የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሬይማን ክንድም እግርም የለውም። እጆቹና ጫማዎቹ ከሰውነቱ ተለይተው አየር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ሲመታ ቡጢው ብቻውን ሄዶ ይመለሳል፤ ሲወድቅ ጸጉሩን እንደ ሄሊኮፕተር እያሽከረከረ ቀስ ብሎ ያርፋል። ዩቢሶፍት በ1986 አምስት የጊዬሞ ወንድማማቾች ብሪታኒ ውስጥ ያቋቋሙት ኩባንያ ነው። ሬይማን የዚህ ኩባንያ ፊት ሆነ። በ1999 ሁለተኛው ታላቅ ጌሙ መጣ፣ በ2003 ሦስተኛው። ኒንቴንዶ ማሪዮ ካለው፣ ፈረንሳዮቹም ሬይማን አላቸው የሚባልበት ዘመን ነበር።

ከዚያ 2006 መጣ። በሞንፔሊዬ ስቱዲዮ የሬይማን አራተኛ ጀብዱ ይታሰብ ነበር፤ በሐሳቡ ውስጥ ጀግናው የሚገጥማቸው ጠላቶች ጥንቸል የሚመስሉ ፍጡራን ነበሩ። በዚያው ሰሞን ኒንቴንዶ ዊ የተባለውን አዲስ ማጫወቻ ሊያወጣ ተዘጋጅቷል። ዊ የሚያዘው መቆጣጠሪያውን በእጅ እያወዛወዙ፣ እየወረወሩ፣ እየመቱ ነው። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ረጅም ጀብዱ ሳይሆን ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ተሰብስቦ የሚንጫጫበት አጫጭር ጨዋታ ይስማማዋል። ስለዚህ ጀብዱው ቀረና የአጫጭር ጨዋታዎች ስብስብ ሆነ። ዊ ገበያ ላይ ሲውል ኅዳር ላይ አብሮ ወጣ።

ታሪኩ እንዲህ ይላል። ሬይማን ከወዳጁ ከግሎቦክስ ልጆች ጋር መስክ ላይ ምግብ ዘርግቶ ሳለ ምድር ተንቀጠቀጠችና ጥንቸሎቹ ከጉድጓድ ወጡ። ልጆቹን አፍሰው ወሰዱ፣ እሱንም አሰሩት። ከዚያ በየቀኑ ከእስር ቤት እያወጡ ሜዳ ያስገቡታል፤ እነሱ ዙሪያውን ተቀምጠው ይመለከታሉ። ላም በሰንሰለት እያሽከረከረ ይወረውራል። የሽንት ቤት በሮች ይዘጋል። የካሮት ጭማቂ ይረጫል። ያዝናናቸው ቀን አንድ የሽንት ቤት ጎማ ይሸለማል። ሬይማን ጎማዎቹን እያጠራቀመ ከእስር ቤቱ ግድግዳ ላይ እንደ መሰላል እየለጠፈ ወደ መስኮቱ ይወጣባቸዋል። ይህ ታሪክ ቀልድ ተብሎ የተጻፈ ነው። በኋላ የሆነውን ለሚያውቅ ግን ትንቢት ይመስላል፤ ጀግናው በገዛ ስሙ በተሰየመ ጌም ውስጥ የእንግዶቹ አጫዋች ሆኗልና።

ስማቸው ራቢድስ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጥንቸል የሚለውን ቃልና ለእብድ ውሻ የሚነገረውን ‹ያበደ› የሚል ቃል አጣብቆ የተሠራ ነው። ፈረንሳዮቹ ነገሩን አላሽሞነሞኑትም፤ ‹ጅል ጥንቸሎች› ብለው ጠሯቸው። ነጭ ናቸው፤ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ አፋቸው እስከ ጆሮ ግንዳቸው የሚከፈት፣ ጥርሳቸው ጥቂት። ቋንቋ የላቸውም፤ ያላቸው ጩኸት ብቻ ነው፣ ‹ብዋአአአ!› የሚል። ከየት እንደመጡ አይታወቅም። አለቃም ሕግም የላቸውም። አንዱ ሲያደርግ ያየውን ሌላው ይከተላል፤ ሲሰለቸው ይተወዋል።

ተረት ተረት ሲባል የላም በረት እያለ ያደገ ሰው ሌላ ጥንቸል ነው የሚያውቀው። የተረቷ ጥንቸል ትንሽ ናት፣ ግን አንበሳን የምታታልል ብልህ ናት። ተንኮሏ ዓላማ አለው፤ ሕይወቷን ታድንበታለች፣ ጉልበተኛውን ታዋርድበታለች። የፈረንሳዮቹ ጥንቸሎች ተንኮለኛ ሲባሉ ይሰማል፤ ስማቸው ግን አይደለም። ተንኮል እቅድ ይፈልጋል፣ እነሱ ደግሞ እቅድ የላቸውም። ለእነሱ የሚስማማው የአማርኛ ቃል ቅብጠት ነው፤ እያየ የሚሰብር፣ ከሰበረ በኋላም ምን እንደሰበረ የማያውቅ ልጅ ዓይነት ቅብጠት። ቁጣ የማይበርድባቸውም፣ ቂም የማይያዝባቸውም ለዚህ ነው። በተንኮለኛ ላይ ይፈረዳል። በቀበጥ ላይ ግን እየተናደዱም ይሳቃል።

ሳቁ ደግሞ እውነተኛ ነበር። ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ዩቢሶፍት አጫጭር የቪዲዮ ቀልዶች ለቀቀ፤ አንድ ጥንቸል አንድ ነገር ይሞክራል፣ አይሳካለትም፣ ይጮኻል፣ አለቀ። ዩቲዩብ ከተመሠረተ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ዛሬ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ የሚውልበትን የአጭር ቪዲዮ ቀልድ እነዚህ ጥንቸሎች ቀድመው አግኝተውት ነበር። ሬይማንን ለማስወደድ አንድ ሙሉ ጌም፣ አንድ ሙሉ ዓለም፣ ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። ራቢድን ለማስወደድ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል።

ለነጋዴ ከዚህ የበለጠ ሲሳይ ከየት ይመጣል? ጥንቸሎቹ ቋንቋ ስለሌላቸው አይተረጎሙም፤ ጩኸታቸው በፓሪስም በቶኪዮም አንድ ነው። ታሪክ ስለሌላቸው የትም ይገባሉ። ፊታቸው ሁሉ አንድ ስለሆነ ዊግ ካጠለቁላቸው ንጉሥ፣ ቆብ ካደረጉላቸው ፖሊስ ናቸው። የኩባንያ ሰው ‹ገጸ ባሕርይ› ሲል እንደ ማንኪያ ማንኛውም ድስት ውስጥ የሚገባ ነገር ማለቱ ነው፤ ራቢድ ያ ማንኪያ ሆኖ ተገኘ።

በ2007 ሁለተኛው ወጣ፣ በ2008 ሦስተኛው። በሁለቱም የሬይማን ስም ርዕሱ ላይ ነበር፤ ዝርዝሩን ላየ ሰው ግን ቤቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በ2009 ነገሩ በይፋ ተጠናቀቀ። ‹ራቢድስ ጎ ሆም› በተባለው ጌም የሬይማን ስም ከርዕሱ ወጣ፣ እሱም ከታሪኩ ወጣ። ጥንቸሎቹ የሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፉ ያገኙትን ዕቃ ሁሉ ይለቅማሉ፣ በጩኸታቸው የሰዎችን ልብስ ሳይቀር ያስወልቃሉ፤ ክምሩ ጨረቃ ድረስ እንዲደርስላቸው ነው። ከኋላ የሮማንያ የጥሩምባ ባንድ ይነፋላቸዋል። (እውነቱን ለመናገር ግሩም ጌም ነው። ሰው ሳያስፈልገው የሚሰበስበውን ዕቃ እያዩ ከልብ የሚያስቅ እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ የለም።) በ2013 የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም መጣላቸው። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ፖይቲዬ ከተማ አጠገብ ባለው ፉቱሮስኮፕ በተባለ የመዝናኛ ፓርክ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽናቸው በዘመናት መካከል የሚያጓጉዝበት ትርዒት ተከፈተላቸው።

የሬይማን ወዳጆች አኩርፈዋል፤ እስከዛሬም ኩርፊያው አልበረደም። ኩርፊያው ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም። ሬይማን አልሞተም ነበር፤ በ2011 እና በ2013 በእጅ የተሳሉ የሚመስሉ ሁለት ውብ ጌሞች ተሠርተውለታል። ግን ሐዘናቸው ከየት እንደሚመጣ መረዳት አይከብድም። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። እዚህ ቤት ተገልብጧል፤ እየሰነበተ ወርቅ የሆነው እንግዳው ነው፣ መዳብ የሆነው ባለቤቱ።

እንግዲህ በሚላኖ ያለው ስቱዲዮ ለኒንቴንዶ ይዞ የቀረበው እነዚህን ነው።

ኒንቴንዶ በ1889 ኪዮቶ ላይ የካርታ መጫወቻ በመሥራት የጀመረ ኩባንያ ነው። ንብረቱን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ሰው ማሪዮን ለባዕድ ስቱዲዮ መስጠቱን ለማመን ይቸግረዋል። ማሪዮ እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚሮጥ፣ ጓንቱ ምን ያህል ነጭ እንደሆነ ሁሉ ጠባቂ አለው። ሚያሞቶ በ1981 ሲፈጥሩት አንዲት ሴት ጠልፎ ፎቅ ላይ የወጣ ጎሪላን የሚያሳድድ አናጢ ነበር። ስሙ እንኳ ማሪዮ አልነበረም፤ ዘላዩ ሰው ነበር የሚባለው። ቧንቧ ሠራተኛ የሆነው በኋላ ነው። እዚህ ላይ ማንም አስቦበት ይሁን ሳያስብበት የሆነች የምታስቅ ነገር አለች፤ ጥንቸሎቹ እንደ ጦር መሣሪያ ይዘዋት የሚዞሩት የሽንት ቤት ጎማ የማሪዮ የሙያ ዕቃ ናት። ሰውየው የቧንቧ ሠራተኛ ተብሎ ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖር አንዷንም ሲይዝ እምብዛም አይታይም፤ ዕቃውን ይዘው የመጡለት ጅሎቹ ናቸው።

ሚላኖዎቹ ማሪዮን የሚያስዘልል ጌም ቢያቀርቡ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። በመዝለል ኒንቴንዶን የሚያስተምር የለም። ስለዚህ የሚያስዘልለውን ቁልፍ ጭራሽ አነሱት። ጌሙ የቼዝ ዘመድ ነው። ሦስት ጀግኖች በካሬ የተከፋፈለ ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ፤ ተጫዋቹ አስቦ አንዱን ከግንብ ኋላ ይደብቃል፣ ሌላውን ያስጠጋል፣ ይተኩሳል፣ ከዚያ ተራውን ለጠላት ይለቃል። ዝላዩ ያለችው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። አንዱ ጀግና ጓደኛው ትከሻ ላይ ወጥቶ ሩቅ ይስፈነጠራል። ብቻውን የቆመ ሩቅ አይደርስም። ሕጉ ቀላል ነው፤ ጌሙ ሁሉ ግን እሱ ላይ የቆመ ነው።

ታሪኩስ? አንዲት የማሪዮ አድናቂ የሆነች ልጅ ማንኛውንም ሁለት ነገር አንድ የሚያደርግ ቆብ ፈልስፋለች። ጥንቸሎቹ በልብስ ማጠቢያ ማሽናቸው ክፍሏ ውስጥ ወደቁ። አንዱ ቆቡን አጠለቀውና ያየውን ሁሉ ካየው ሁሉ ጋር ማጣበቅ ጀመረ። ክፍሉ ውስጥ የማሪዮ ምስሎች ነበሩ፣ ጥንቸሎችም ነበሩ፤ ከዚያ የሆነው ሆነ። ሁለት ኩባንያዎች ሀብታቸውን አጣብቀው ለመሸጥ ሲስማሙ የሚሆነውን ነገር በቆብ መልክ አምጥቶ የተረከ ሌላ ጌም ማግኘት ያስቸግራል። ቆቡ ከራሱ ጋር የተዋሐደበት ትንሹ ጥንቸል ስፖኒ ይባላል፤ ኃይሉን መቆጣጠር አይችልም፣ ይፈራል፣ ይደበቃል። የማሪዮ ጠላት የባውዘር ልጅ አግኝቶት መሣሪያ ሊያደርገው ይፈልጋል። ማሪዮና ጓደኞቹ የሚሮጡት እንግዲህ ይህን ትንሽ ጅል ለመግደል አይደለም፣ ለማዳን ነው።

ሚላኖዎቹ ከዚህ በፊት ማንም ያላደረገውን ያደረጉት እዚህ ላይ ነው፤ ጥንቸሎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መንጋ የነበሩት ፊት ተሰጣቸው። ልዕልት ፒችን የምታስመስለው ራቢድ ዊግ አጥልቃ ትመጣለች፤ በጦርነት መካከል ስልኳን አውጥታ ከወደቀ ጠላት ጋር ሰልፊ ትነሣለች። እውነተኛዋ ፒች በ1985 በግንብ ውስጥ ታስራ ጠባቂ ስትሆን ነበር የምትታወቀው። ይህቺ ግን ማንንም አትጠብቅም። ብዙ ተጫዋች ከማሪዮ ይልቅ እሷን ወደደ። ሉዊጂን የሚያስመስለው ፈሪ ነው፣ ዮሺን የሚያስመስለው ደግሞ ሲጮኽ ጠላቱ ሜዳውን ጥሎ የሚሸሽ እብድ። ጅልነታቸው አልጠፋም፤ ግን ከጅልነታቸው ኋላ ሰው መሰል ነገር ብቅ አለ።

የጌሙን ልብ ለማወቅ ግን ወደ ሦስተኛው ዓለም መጨረሻ መድረስ ያስፈልጋል። እዚያ የሚጠብቀው ባለጋራ ኦፔራ ዘፋኝ የሆነ መንፈስ ነው፤ ፋንተም ይባላል። ከመዋጋቱ በፊት ይዘፍናል። ሙዚቃውን የሠራው ብሪታንያዊው ግራንት ኪርክሆፕ ነው፤ ኦፔራውን ሙሉ ኦርኬስትራ አስከትሎ እንደ ቁም ነገር ሠራው። ዘፈኑ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማሪዮ ስድብ ነው። በኒንቴንዶ ፈቃድ፣ በኒንቴንዶ ማጫወቻ ላይ፣ የኒንቴንዶ ንጉሥ ፊት ለፊት ቆሞ ሲሰደብ ይሰማል። ቅኔ ሰምቶ ላደገ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጌታን በዜማ መንካት ጥበብ መሆኑን ያውቃል። ኪዮቶ ድረስ ሄዶ ይህን ማስፈቀድ ግን ቀላል ሥራ አይደለም።

ነሐሴ ማብቂያ ላይ በ2017 ጌሙ ወጣ። የሳቀው ሁሉ ዝም አለ ማለት ባይቻልም አብዛኛው ቃሉን በላ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በተካሄደው የጌም አዋርድስ ሥነ ሥርዓት በስትራቴጂ ዘርፍ አሸናፊ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ ተጨማሪ ምዕራፍ መጣለት፤ በዚህኛው ዶንኪ ኮንግ፣ ያ የ1981ዱ ጎሪላ፣ ከጥንቸሎቹ ጋር ተሰለፈ። የዛሬ ጀግና ነው፤ አንድ ዘመን ላይ ግን ሴት ጠልፎ ፎቅ ላይ የወጣ፣ በርሜል የሚያንከባልል አስቸጋሪ አውሬ እሱ ነበር። አስቸጋሪ እንስሳ ቀስ በቀስ የቤተሰብ አባል የሚሆንበት መንገድ በራቢዶች አልተጀመረም።

ሁለተኛው ጌም ‹ስፓርክስ ኦፍ ሆፕ› በ2022 ጥቅምት ላይ ወጣ። ካሬዎቹ ቀርተው ጀግኖቹ እንደልብ የሚሮጡበት ሜዳ መጣ። የኮከብ ልጆች የሆኑት ሉማዎችና ጥንቸሎቹ ተዋሕደው ስፓርክ የሚባል አዲስ ፍጡር ተወለደ። ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነው፤ የጥንቸሎቹ ጀግኖች አፍ ፈቱ። ቃል ተናገሩ። ጩኸት ብቻ የነበራቸው ፍጡራን ዓረፍተ ነገር ሲያወጡ አንዳንዱ ወዳጃቸው ተደሰተ፣ አንዳንዱ ከፋው። የከፋው ወገን ክርክር ሚዛን ይደፋል። ጅል ሲናገር ተራ ቀልደኛ ይሆናል፤ ዝም ብሎ ሲጮኽ ግን ተመልካቹ የፈለገውን ይሰማበታል። ቢሆንም ሮዛሊናን የምታስመስለው፣ ዓለም ቢጠፋ እንኳ ድብርቷ የማይለቃት ራቢድ ስትታይ ሚላኖዎቹ ለምን ይህን መንገድ እንደመረጡ ይገባል። መንጋውን አንዴ ሰው ካደረጉት በኋላ ወደኋላ መመለስ አልቻሉም።

ይህም ጌም በስትራቴጂ ዘርፍ ያንኑ ሽልማት በዚያው ዓመት ወሰደ። ከሽልማቱ አንድ ወር ገደማ በኋላ፣ በ2023 ጥር ላይ፣ ዩቢሶፍት ለባለ አክሲዮኖቹ መግለጫ አወጣ። ሽያጭ ከተጠበቀው በታች ሆኗል አለ፤ በስም ከተጠቀሱት ጌሞች አንዱ ይኸው ነበር። በመግለጫው በሥራ ላይ የነበሩ ሌሎች ሦስት ጌሞች መሰረዛቸውም ተነገረ። በኋላ ጊዬሞ ሲጠየቁ በሰጡት ማብራሪያ፣ ኒንቴንዶ በአንድ ማጫወቻ ላይ አንድ ጌም ይሻላል የሚል ምክር እንደነበረውና ቀጣዩን ማጫወቻ መጠበቅ ይሻል እንደነበር ገልጸዋል።

ይህ ማብራሪያ ከንግድ አንጻር ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ውስጡ የተደበቀ አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያው ጊዜ ሕዝቡ የሳቀበትን ነገር ለዓመታት ይዘው እንደ ቁም ነገር የሠሩት ሰዎች፣ በሁለተኛው ጊዜ ሥራቸው ተወድዶ፣ ተሸልሞ፣ ስሙ የሚነሣው ግን በጉድለት ዝርዝር ውስጥ ነው። ስድብ ያልሰበረው ሥራ በሒሳብ ሠንጠረዥ ሲሰበር ዕንባውን የሚያሳይ ካሜራ የለም። ሶሊያኒ ከሃያ ዓመት በላይ ከሠራበት ዩቢሶፍት በ2024 ለቅቆ የራሱን ስቱዲዮ መሠረተ። የሬይማን አባት አንሴልም ከዚያ ቀደም ብሎ በ2020 መስከረም ላይ የጌም ሥራን ጨርሶ መተዉን አስታውቆ ነበር። ጥንቸሎቹም ሬይማንም ግን የትም አልሄዱም። የኩባንያው ንብረት ናቸው፤ የፈጠረ፣ ያሳደገ፣ አፍ ያስፈታ ሁሉ ሲሄድ እጁን አጨብጭቦ ነው የሚሄደው።

በመካከል ግን ሚላኖዎቹ አንድ ነገር አድርገው ነበር። ሁለተኛው ጌም ተጨማሪ ምዕራፎች ነበሩት፤ የመጨረሻው በ2023 ነሐሴ ማብቂያ ላይ ወጣ። መድረኩ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ነው፤ የስቱዲዮው ጌታ ያ ማሪዮን በኦፔራ የሰደበው ፋንተም። ከሚታዩት ጀግኖች ሁለቱ ጥንቸሎች ናቸው፤ አንዱ ማሪዮን ያስመስላል፣ ሌላዋ ያቺ ሰልፊ የምትነሣዋ ናት። ሦስተኛው ሬይማን ነው።

በ2006 በእሱ ስም በተጠራው ጌም ያለ ግብዣ የገቡት፣ አሁን የእነሱ ስም ከማሪዮ ስም ጎን በተጻፈበት ጌም ውስጥ አስተናገዱት። ርዕሱ ላይ ስሙ ተመልሷል፤ የአንድ ተጨማሪ ምዕራፍ ርዕስ ነው እንጂ። ቡጢው እንደድሮው ብቻውን ሄዶ ይመለሳል፣ ጸጉሩም እንደድሮው ይሽከረከራል። ጌሙ ግን የተራ ጌም ስለሆነ እንደልቡ መሮጥ አይችልም። ሰልፊ የምትነሣዋ ተኩሳ እስክትጨርስ፣ ጢማሙ ጥንቸል የፈለገበት ቦታ ደርሶ እስኪቆም፣ ሬይማን ሁለቱ እጆቹ አየር ላይ እየተንሳፈፉ ከግንቡ ኋላ ተራውን ይጠብቃል።